በእንጉዳይ ብሎኬት ይሰራል የሚሉት እውነት ነው? ድሬ ላይ የሞከረ አለ?

ሳቢያን_አናጢ፦

ሰላም ነው አቦ። እኔ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ የእንጨት ስራ ቤት አለችኝ፣ አልጋ በር ቁምሳጥን ምናምን እንሰራለን። ችግሬ ሰጋቱራው ነው። በሳምንት አስር አስራ ሁለት ማዳበሪያ ይወጣል፣ በፊት ለዶሮ ቤት የሚወስዱ ልጆች ነበሩ አሁን እነሱም ጠፉ፣ እንዳላቃጥለው ጎረቤት በጭሱ ይጮሃል፣ ጥግ ላይ ተቆልሎ የአይጥ ሰፈር ሆኗል።

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣልኝ። ፈረንጆቹ ሰጋቱራና የበቆሎ አገዳ ውስጥ የእንጉዳይ ዘር ይቀላቅላሉ፣ ፎርማ ውስጥ ይጠቀጥቁታል፣ ከሳምንት በኋላ ሲያወጡት ነጭ ድፎ ዳቦ የመሰለ ነገር ሆኖ ቁጭ። ሙጫ የለው ሲሚንቶ የለው። ሰውየው እሳት ለኮሰበት፣ ጠቆረ እንጂ አልነደደም። እኔ ቺፑድና ኤምዲኤፍ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያ ሙጫ አይን እንዴት እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፣ ስለዚህ ነገሩ ልቤን ወሰደው።

ሞከርኩት። ሰጋቱራውን በግማሽ በርሜል ቀቀልኩት፣ በረንዳ ላይ ሸራ ዘርግቼ እስኪበርድ አሳደርኩት፣ ከከዚራ የእንጉዳይ ፓኬት ገዝቼ ግንዱን በደቃቁ ከትፌ ቀላቀልኩና ፌስታል ውስጥ አስሬ ጓዳ አስቀመጥኩ። አምስተኛው ቀን ላይ ነጭ ነጭ አለ፣ ደስ ብሎኝ ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት። ስምንተኛው ቀን ስከፍተው ግን ነጩ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ተነስንሶበታል፣ ሲነኩት እንደ ጤፍ ዱቄት ይቦናል፣ ሽታው የራሰ ጆንያ። ሚስቴ «የእንጀራ ሻጋታ በብር እየገዛህ ታሳድጋለህ እንዴ» ብላ ከነፌስታሉ ወረወረችው።

ጥያቄዎቼ፦ ምን አጠፋሁ? እውነት ለግድግዳ ብሎኬት ይሆናል? ገረባስ፣ የጫቱ ትርፍራፊ፣ ቢጨመርበት? ድሬ ገረባ እንደሆነ በየበሩ ነው። ደግሞ ምስጥ አይበላውም ወይ?

ወሪያ_ገንደቆሬ፦

ወሪያ ገረባውን እንኳን ተወው። ገረባ ባለቤት አለው፣ ፍየሎቹ ከኛ ቀድመው የተደራጁ ናቸው 😂 ከሰዓት በኋላ ወጥተህ እያቸው፣ የትኛው በር ላይ ስንት ሰዓት እንደሚደፋ ከኛ በላይ ያውቃሉ። የገረባ ብሎኬት ብትሰራ ደግሞ ግድግዳህን ይበሉብሃል።

የጀጎል_እንጉዳይ፦

ወንድሜ ሳቢያን አናጢ፣ እኔ ሐረር የሚበላ እንጉዳይ አበቅላለሁ፣ ኦይስተር የሚባለውን፣ ለሆቴሎች ነው የማቀርበው። ብሎኬት ሰርቼ አላውቅም ግን የአንተን አረንጓዴ ዱቄት በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስንት ከረጢት አስጥሎኛል። ትራይኮደርማ ይባላል። ቀቅለህ ገደልከው፣ ከዚያ በረንዳ ላይ ዘርግተህ መልሰህ ጋበዝከው። የድሬ አቧራ በሚነፍስበት በረንዳ ላይ የሰጋቱራ ቅቅል አሳድረህ ሻጋታ ባይመጣ ነበር የሚገርመው።

ሁለተኛው ስህተትህ ዘሩ ነው። የተገዛ እንጉዳይ ግንድ አንዳንዴ ይነሳል ግን ደካማ ነው፣ ውድድር አይችልም። እኛ የምንጠቀመው በማሽላ ላይ የተባዛ ዘር ነው። ማሽላው ይቀቀላል፣ በጠርሙስ ሆኖ በፕሬዠር ይመታል፣ ንጹህ የእንጉዳይ ክር ይሰጠውና እያንዳንዷ ፍሬ ነጭ ጥጥ ለብሳ ትወጣለች። ያንን ከእርጥቡ ሰጋቱራ ክብደት አስር ፐርሰንት ያህል ስትቀላቅል ከሺህ ቦታ በአንዴ ይነሳል፣ ለሻጋታው ቦታ አይተርፍለትም። ጨዋታው በሙሉ ማን ቀድሞ ሰፈሩን ይያዝ ነው።

ብቅል ሲሰራ አይተህ ከሆነ እኮ ነገሩ እሱ ነው። ገብሱ ታፍኖ ሲቆይ ስሩ እርስ በርስ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ቆርሰህ ነው የምታነሳው አይደል? እዚህም የሚያያይዘው የእንጉዳዩ ክር ነው፣ ማይሲሊየም የሚሉት። እኔ እንጉዳዩን ለቅሜ የጨረስኩበትን ከረጢት ስቀደው ውስጡ ያለው ነገር በእጅ አይበተንም፣ በጉልበት ነው የምሰብረው። ብዙ ጊዜ ለአትክልት እሰጠዋለሁ፣ ለቤት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ለማጽዳት መቀቀል የግድ አይደለም። እኔ በሙቅ ውሃ ነው የማደርገው፣ 70 እና 80 ዲግሪ መሀል ለሁለት ሰዓት ያህል። እንጨት ውድ ከሆነብህ በኖራም ይሆናል፣ ድሬ ሆነህ ኖራ አይጠፋህም። ውሃ ጠጥቶ የበረደውን ዱቄቱን ኖራ ውሃ ውስጥ በጥብጠህ ሰጋቱራውን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ትዘፈዝፈዋለህ፣ ሻጋታው ያን ያህል ኖራ አይወድም። ጓንት አድርግ፣ እጅ ያቃጥላል። ከዚያ በደንብ አንጠፍጥፈው፣ በመዳፍህ ስትጨምቀው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ጠብ ካለ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። ንጹህ ፌስታል ውስጥ እንደተዘጋ ይብረድ፣ በረንዳ ላይ አይደለም!

ፎርማን_ለገሃሬ፦

ስለ ብሎኬቱ እኔ ልመልስ፣ ሳይት ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ተሸካሚ ግድግዳ አስበህ ከሆነ አሁኑኑ ተወው ልጄ።

ነገሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። በፈረንጆቹ 2014 ኒውዮርክ ላይ ከበቆሎ አገዳና ከእንጉዳይ ክር በተሰሩ አስር ሺህ ገደማ ጡቦች 12 ሜትር የሚሆን ግንብ ቆሟል፣ ሃይ ፋይ ይሉታል። ግን ለአንድ ክረምት ትርዒት ነው የቆመው፣ ሲያልቅ ፈርሶ ብስባሽ ሆኗል። ጡቦቹን የሰራው ኢኮቬቲቭ የሚባል ድርጅት ነው፣ በ2007 ሁለት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የጀመሩት። እነሱም ቢሆኑ ገበያ ውስጥ የገቡት በግድግዳ አይደለም፣ በማሸጊያ ነው፣ ዴል በ2011 ሰርቨር ሲልክ በፎም ፋንታ የነሱን ተጠቅሟል። ከታይዋን ገበያ ቲቪ ስትገዛ ካርቶኑ ጥግ ላይ ያለው ነጭ ፎም አለ አይደል፣ እሱን የሚተካ ነገር በለው።

ለምን ብትል ጥንካሬው። ሳይጨመቅ በፎርማ ብቻ የበቀለው በካሬ ሴንቲ ሜትር ሁለት ኪሎ፣ ጥሩ ከሆነ አምስት ኪሎ ምናምን ነው የሚችለው። ተራ የሲሚንቶ ብሎኬት አስር እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። በሙቀት መጭመቂያ ማሽን ሲጨመቅ እንደ ቺፑድ ይጠነክራል ይባላል፣ ግን ማሽኑን ማን ይገዛልሃል።

አንድ ነገር ልጨምር እና ላብቃ። ዲርክ ሄበል የሚባል ጀርመናዊ አርክቴክት አለ፣ ከ2009 እስከ 2012 አዲስ አበባ ልደታ ያለው የድሮው ህንፃ ኮሌጅ፣ ኢንስቲትዩት ከሆነ በኋላ ማለቴ ነው፣ ሳይንሳዊ ዳይሬክተር ነበር። እሱና ፊሊፕ ብሎክ የሚባለው ኢንጂነር በ2017 ሴኡል ላይ ማይኮትሪ የሚባል የዛፍ ቅርጽ ያለው ነገር በእንጉዳይ ክርና በቀርከሃ አቁመዋል። ያ ሸክም ችሏል። የቻለው ግን እቃው ጠንካራ ሆኖ ሳይሆን ቅርጹ ነው፣ ክብደቱ በሙሉ ወደ ታች እየተጫነ ብቻ እንዲወርድ፣ የሚጎትትና የሚያጎብጥ ኃይል እንዳያገኘው አድርገው አስልተውት ነው። የድሮ ሰው ድንጋይን በቅስት እንዳቆመው ማለት ነው፣ የሐረር በሮችን ቅስት እይ። እኛ ሰፈር ውስጥ ያንን የሚያሰላልህ የለም፣ ስለዚህ ብሎኬቱን ተወውና ኮርኒስ አስብ። ቀላል ነው፣ ውስጡ አየር አለው፣ ሙቀት አያሳልፍም።

ሳቢያን_አናጢ፦

ጋሼ ፎርማን ኮርኒስ ሲሉኝ ነቃሁ ወላሂ። የኔ ቤት ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒሱ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው በኖራ የተቀባ፣ ግንቦት ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እዚያ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው እንቁላል ቢሆን ይቀቀል ነበር። ልጆቹን ይዘን ውጪ ዛፍ ስር ነው የምንውለው። ፎም ኮርኒስ ጠይቄ ዋጋውን ሰምቼ ተመለስኩ። ይሄ በርግጥ ሙቀት ይከለክላል?

ደግሞ እህቴ የጀጎሏ፣ ሁሉም እንጨት እኩል ነው? የኔ ሰጋቱራ ቅልቅል ነው፣ ባህር ዛፍ አለ፣ ጽድ አለ፣ ኤምዲኤፍም አብሮ ይገባል።

ላብ_ኮት፦

ኤምዲኤፉን ለይ ለይ ለይ። ሙጫው ውስጥ ፎርማልዲሃይድ አለ፣ ለክሩም ለአንተም አይሆንም፣ ኮርኒስ አድርገህ ከልጆችህ ራስ በላይ ደግሞ በፍጹም። ጽዱንም ለየው። ጽድ አጥር ላይ ሃያ ሰላሳ አመት የማይበሰብሰው ለምን ይመስልሃል፣ ውስጡ ያለው ዘይት ፈንገስ ስለማያስጠጋ ነው፣ አንተ ደግሞ ፈንገስ እንዲበላው ነው የምትለምነው። ባህር ዛፉ ጥሩ ነው።

እኔ ባዮሎጂ ነው የተማርኩት፣ ትንሽ ልዘብዝብ። እነዚህ ኦይስተር፣ ጋኖደርማ፣ ትራሜቴስ የሚባሉት እንጨት አበስባሽ ናቸው፣ ሊግኒን የሚባለውን የእንጨቱን ጠንካራ ክፍል ሳይቀር የሚፈቱ። ጫካ ውስጥ የወደቀ ግንድ ነጭ ሆኖ ሲፈረፈር የነሱ ስራ ነው። ክራቸው ግድግዳ ላይ ካይቲን አለ፣ የፌንጣ ቆዳ የተሰራበት ነገር፣ እሱ ነው እንደ ሙጫ የሚሆነው። ስለዚህ የምንሰራው ነገር ጀምሮ ያላለቀ ብስባሽ ነው፣ እንጨቱን ጠልፎ ካሰረ በኋላ በልቶ ሳይጨርሰው በሙቀት ትገድለዋለህ። ቶሎ ካቆምከው ይፈረፈራል፣ ካቆየኸው ይለሰልሳል ከዚያም አልፎ እንጉዳይ ያወጣል። እንጉዳይ እንዲያወጣ አትፍቀድለት፣ የኦይስተር ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብዙ የሚተነፍሱ ሰራተኞችን ያሳምማል። ማስክ ይኑርህ።

ሙቀት መከልከሉ ትክክል ነው። በቁጥር ካልክ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ከ0.04 እስከ 0.08 አካባቢ ነው፣ ነጩ ፎም 0.035 ምናምን፣ የሲሚንቶ ነገር ደግሞ 1 አካባቢ። ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሻለው፣ ስለዚህ ሙቀት በመከልከል ከፎሙ ትንሽ ያንሳል እንጂ ሰፈሩ አንድ ነው። ናይሮቢ ላይ ማይኮታይል የሚባሉ ልጆች ከእርሻ ተረፈ ምርት ይህንኑ ለኮርኒስና ለግድግዳ ሽፋን እየሰሩ ይሸጣሉ፣ ማለትም አፍሪካ ውስጥም ቆርቆሮ ስር ይሰራል።

ስለ ምስጥ ጥሩ ጠየቅክ። ያው ሴሉሎስ ነው፣ ምስጥ ካገኘው ይበላዋል። እንደውም ምስጥ ራሱ እንጉዳይ ገበሬ ነው ታውቃለህ? ዝናብ ሲጥል ኩይሳ ላይ የሚወጣው ትልልቁ እንጉዳይ እነሱ ኩይሳው ውስጥ የሚያሳድጉት ነው፣ እንጨቱን አኝከው ለክሩ ይሰጡታል፣ ከዚያ እሱን ይበላሉ። ከኛ በሚሊዮን አመት የቀደሙ ናቸው። ኮርኒስ ላይ ሲሆን ግን መሬት አይነካምና የግድግዳውን መሿለኪያ ከዘጋህ ይሻላል፣ ፊቱንም ኖራ ቀባው።

የባቢሌ ኦቾሎኒ ልጣጭ ልጨምር ብለህ እንዳታስብ ደግሞ፣ ብዙ ሰው ያንን ነው የሚያስበው። ልጣጩ ይሆናል፣ ግን ኦቾሎኒን አፍላቶክሲን የሚያመርተው ሻጋታ ስለሚወደው አቧራውን መተንፈስ አልወድልህም። ጫትም ላይ ያው መድኃኒት የሚረጩ አሉ፣ ቅጠሉ ደግሞ ቶሎ ይግልና ይበሰብሳል። እንጨቱ ብቻ ተከትክቶ ቢሆን አይከፋም።

ሐረርጌ_ገበሬ_ልጅ፦

አገዳስ የምትሉ ካላችሁ እኛ ጋ አገዳ ቆሻሻ አይደለም። የማሽላ አገዳ ሰንጋ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። የሐረር ሰንጋ እያላችሁ የምትበሉት ከየት የመጣ መሰላችሁ። የከተማ ሰው «የእርሻ ተረፈ ምርት» ሲል ሁሉም ነገር ተደፍቶ የሚጠብቀው ይመስለዋል። በርግጥ የሚጣል ነገር ከፈለጋችሁ የቡና ገለባ ነው፣ ማበጠሪያ ጓሮ ሂዱ። እሱም ቢሆን አሸር ብሎ አፍልቶ የሚጠጣው አለና ጠይቃችሁ ውሰዱ።

ወሪያ_ገንደቆሬ፦

እኔ የማይገባኝ ግን ስራ የሚፈታበት ሀገር ነው እንዴ፣ ፎም ግዙና ስቀሉ በቃ። ቆይ ደግሞ የጅብ ጥላ ጣራ ላይ ሰቅሎ መተኛት አያስፈራም?

የጀጎል_እንጉዳይ፦

እኛ ሐረሮች ጅቡን እየቀለብን የኖርን ሰዎች ጥላውን እንፈራለን እንዴ 😂

ፎርማን_ለገሃሬ፦

ወሪያ ፎም ግዙ ካልክ አንድ ነገር ልንገርህ። ፎም ኮርኒስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲግል አይቻለሁ። ይቀልጣል፣ እየነደደ ይንጠባጠባል፣ ጭሱ ጥቁር ነው። ይሄኛው ፊቱ ይከስላል እንጂ አይንጠባጠብም። አይነድም አላልኩም፣ ጊዜ ይሰጥሃል ነው ያልኩት። ገመዱን ግን በቱቦ አድርገው፣ እንጉዳይም ሆነ ፎም።

ድክመቱ ውሃ ነው። ከራሱ ክብደት በላይ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ድሬ ዝናብ ትንሽ ነው ብለህ አትዘናጋ፣ የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ ሳትደፍን እንዳትሰቅል።

ሂሳቡን ደግሞ ሰርቼልሃለሁ። 40 በ40፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ የሆነ ታቫላ ብትሰራ፣ ክብደቱ በሜትር ኪዩብ 200 ኪሎ ቢሆን አንዱ 1.3 ኪሎ ገደማ ይመጣል። አንድ ካሬ ሜትር ስድስት ከሩብ ታቫላ፣ ስምንት ኪሎ። ሞራሌህ ይችለዋል።

የጀጎል_እንጉዳይ፦

ወንድሜ አሁን ዋናው ችግር ቀረ፣ እሱም የናንተ ፀሐይ ነው። ክሩ የሚወደው 24፣ 25 ዲግሪ ነው። 30 ሲያልፍ ይሰንፋል፣ 35 ላይ ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል። ደግሞ ሲያድግ ራሱም ይግላል፣ እጅህን መሀሉ ብትከት ከክፍሉ በላይ ሞቆ ታገኘዋለህ፣ ስለዚህ ወፍራም ከሆነ መሀሉ ይቀቀላል። አንተ ጓዳ ውስጥ ሻጋታው ያሸነፈህ አንዱ ምክንያት ይሄ ይሆናል፣ እሱ ሙቀት ይችላል። እርጥበቱም ያው፣ የድሬ አየር ሁለት ቀን ውስጥ ፊቱን እንደ ቋንጣ ያደርቅልሃል።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ሐረር ይብቀል ድሬ ይድረቅ። እኛ ጋ ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አልፈናል፣ ክፍሌ አመቱን ሙሉ ደህና ነው። አንተ ፎርማውን ስራ፣ አናጢ አይደለህ? ባህር ዛፉን ሰጋቱራ ለይተህ በማዳበሪያ ወደ ላይ ላከው፣ እኔ አጽድቼ ዘሩን ሰጥቼ ፎርማው ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ፣ ትንሽ ፉርሽካ እጨምርበታለሁ፣ ብዙ አይደለም ፉርሽካ ሲበዛ ሻጋታውም ይጠራል። በሳምንት በአስር ቀን ነጭ ይሆናል። ከዚያ ከፎርማ አውጥቼ ሁለት ሶስት ቀን ፊቱ ቆዳ እንዲያወጣ አቆየውና በሚኒባስ ደንገጎን ይወርዳል። ማድረቁና መግደሉ ያንተ ነው፣ ፀሐዩማ አላችሁ።

ላብ_ኮት፦

ፀሐይ ብቻውን አይገድለውም፣ ያደርቀዋል እንጂ። የደረቀ ክር እርጥበት ሲያገኝ ሊነሳ ይችላል። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ቀላል እስኪሆን አድርቀው ከዚያ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ለተወሰነ ሰዓት እቶን ውስጥ ይግባ። ዳቦ ቤት ያለው ጎረቤት ካለህ እሳቱን ካጠፉ በኋላ ያለው የተረፈ ሙቀት ይበቃል።

ሳቢያን_አናጢ፦

ሰላም፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የጀጎሏ እህቴ ስምንት ታቫላ ላከችልኝ፣ አላህ ይስጣት፣ የመጀመሪያው ስለሆነ የዘሩን ብቻ ነው የተቀበለችኝ። ከስምንቱ አንዱ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ነበረው ጣልኩት። አንዱ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ተቀምጦበት ደርሶ መሀሉ ተሰንጥቋል ግን አልተለያየም፣ እሱን ለፈተና አስቀረሁት። ስድስቱ ደህና ናቸው። ሲመጡ እርጥብ ስለነበሩ እያንዳንዳቸው ሶስት ኪሎ ያህል ይከብዱ ነበር፣ አራት ቀን ጣራ ላይ አሰጥቼ ስመዝናቸው ግማሽም አልሞሉ። ሽታቸው የክረምት አፈር አይነት ነው፣ መጥፎ አይደለም። ፊታቸው ሲዳሰስ የኮክ ቆዳ።

አንዱን ግን ስህተት ሰራሁ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ፀሐይ እያገኘ ቆይቶ እንደ ቆርቆሮ ጎበጠ። በየግማሽ ቀኑ መገልበጥ አለበት፣ የሚሞክር ካለ ይህንን ይያዝ። ዳቦ ቤቱ ሰውዬ መጀመሪያ «ምንድነው ይሄ አይብ ነው?» አለኝ፣ ከዚያ ማታ እሳት ሲያጠፋ አስገባልኝ። ለመቁረጥ የእጅ መጋዝ በደንብ ይቆርጠዋል፣ ምስማር ግን አይዝም ይፈረፈራል፣ በሞራሌው ላይ በቀጭን ጣውላ ከስር ደግፌ ነው የሰቀልኩት።

አምስቱን ከአልጋው በላይ ሰቀልኳቸው፣ አንድ ካሬ እንኳን አይሞላም። ትናንት ከቀትር በኋላ መሰላል ወጥቼ ማዳበሪያውን ነካሁ፣ ያቃጥላል፣ ታቫላውን ከስር ነካሁ፣ ግድግዳውን የነካሁ ያህል ነው። ክፍሉ ገና አልቀዘቀዘም፣ አምስት ታቫላ ምን ያደርጋል። የተሰነጠቀውን ደግሞ ጓሮ ምስጥ ያለበት ቦታ ግማሹን ኖራ ቀብቼ ግማሹን ሳልቀባ አስቀምጫለሁ፣ በወሩ ምን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ለሙሉ ክፍል መቶ ምናምን ታቫላ ያስፈልገኛል። ሃያ ፎርማ ሰርቼ ጨርሻለሁ፣ ሰጋቱራውም ተለይቶ ታስሯል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ባዶ መኪና ይዞ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው ካላችሁ ንገሩኝ፣ ነዳጁን እችላለሁ። ሚስቴ ደግሞ ከታቫላው ጋር የሚበላውንም አንድ ሁለት ኪሎ ላኩልን ብላለች።